ሁለት ሚሊሜትር

ጭጋጉ ሳይገፈፍ ከሪዮኒ ወንዝ ላይ፣
ወጣን ከኩታይሲ ጎማ ልንገበያይ፤
አክስቴ ጺያላ፣ እኔና ላዳዋ፣
ዕድሜዋ ዕድሜዬን እጥፍ የሚበልጠው፣ ሰናፍጭ ቀለሟ፣ ጉንፋናም ጡሩምባዋ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ልቤ ያለው ሌላ ጋ፦
አሥራ ሰባት ኢንች ቸርኬ፣ እንደ ጎህ ሲነጋ፣
ጎማው እንደ ቀበቶ ስስ፣
የአላፊ አግዳሚውን አንገት የሚመልስ።

ማልኻዝ ሻጩ አወቀኝ። ሻጭ መቼም ያውቃል፣
የተራበውን ዓይን ከሕዝብ መሀል ይነጥቃል።
አራቱን ደረደረ፣ በጨርቅ ወለወለ፣
«ለላዳ እንደ ተወለደ ነው» አለ።

አክስቴ ግን ልብስ ሰፊ ናት።
አርባ ዓመት የኦፔራ ቤቱን ዘፋኞች ያለበሰች፣
የወፈረውን ሳታሳፍር፣ የከሳውን ሳታጋልጥ፣ ለሁሉም ልኩን የሰጠች።
ጎንበስ አለች።
ከቦርሳዋ፣ ከክሮቹ ሥር፣ የብረት መለኪያዋን መዘዘች፤
ከብሎን ቀዳዳ እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ
ለካች። ደግማ ለካች።

«መቶ ነው።»
«አዎ፣ መቶ።»
«የኔዋ ዘጠና ስምንት ናት።»
«ሁለት ሚሊሜትር! እመቤቴ፣ ምን አላት?
ብሎኑ ጎትቶ ያስገባታል፣
ስንቱ እንደዚህ ይነዳል!»

«ይነዳል» አለች አክስቴ፤ «እኔም አውቀዋለሁ፣
አንገቱ የጠበበ ቀሚስ አልብሼ አውቃለሁ።
ለመጀመሪያው ትዕይንት ይበቃል፤
ዘፋኟ ትቆማለች፣ ሰዉም ያጨበጭባል።
ከፍ ያለውን ድምፅ ልታወጣ ስትል ነው ቁልፉ የሚበጠስ።
ቁልፍ ሲበጠስ ሰው ይስቃል።
ብሎን ሲበጠስ ግን፣ ወንድሜ፣
የሚስቀው ገደሉ ብቻ ይሆናል።»

«ልክ ነሽ» አለ ማልኻዝ፣ ልኩን እንደ ገባ ሰው።
እኔ አኮረፍኩ። ልኬን ማንም ያልጠየቀኝ መሰለኝ፣
ያንን ብርሃን ቸርኬ ሳልነካው ጥዬው ስሄድ
ጀርባዬን በላኝ።

ቀጥሎ ያለው ሻጭ ያገለገለ ጎማ አነሳ፦
«ጥርሱን እዩልኝ! ገና አልተነካም» ሲል፣
አክስቴ ጎኑን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣
ከአቧራው ሥር አራት ቁጥር እስኪገለጥ ድረስ፦ ሃያ ሦስት፣ አሥራ አንድ።
«በሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተወለደ።
የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ነው፣ ባቻና፤
የጎማ ዕድሜ በጎኑ ነው የሚጻፍ።»
ጎኑ ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ መሬት ተሰነጣጥቋል።

ከገበያው ጥግ፣ ቫርላም የሚሉት ሽማግሌ
ከድንች ከረጢት ሥር አራት ቸርኬ ጎተተ፦
አሥራ ሦስት ኢንች፣ የደበዘዘ አሉሚኒየም፣
አንዱ ጠርዙን የእግረኛ መንገድ የገመጠው።
ዘጠና ስምንት።
እዚያው ክሪክ አስገብተን አንዱን ሞከርን፤
እምብርት ለእምብርት፣ ሳያንገራግር ሳይወለጋገድ፣
እንደ ተዋወቀ ሰው ገባ።
አዲስ ጎማ አሰርንበት፦ መቶ ሰባ አምስት በሰባ፣
የማያምር፣ የማያስጠላ።

ወደ ትቂቡሊ ስንወጣ፣ መሪዋን ጥጉ ድረስ ስትጠመዝዝ፣
ትንፋሼን ውጬ ጆሮዬን አቆምኩ፣
ጎማው ፓራፋንጎውን ሲገዘግዝ ልሰማ፣
(እውነቱን ልናገር? እንዲገዘግዝ ተመኘሁ።)
ምንም። ዝናብና ሞተር ብቻ።

ሃምሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቆመች።
«ውረድና ብሎኖቹን ደግመህ አጥብቃቸው።»
«አጥብቄያቸዋለሁ እኮ!»
«አዲስ የተገናኘ ነገር ሲሄድ ይላላል።
በዙሪያ አይደለም፣ በመስቀል፤
አንዱን ካጠበቅህ ፊት ለፊቱን።»

ወረድኩ። ዝናቡ በአንገቴ ገባ።
ሦስተኛው ብሎን
ሩብ ዙር ሄደልኝ።
አልነገርኳትም።