ከስብሰባው መልስ

ዳርል ከስብሰባው መልስ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ፣
"ሽመክት፣ ከየትኛው ወገን ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ።
"ሰማያዊ ነህ ብርቱካን? ምርጫው እየደረሰ ነው፤
መሀል መንገድ የቆመን ሰው መኪና ነው የሚገጨው።"

ሳቅሁ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፣
የሱንም የኔንም ጢም አመዳይ አሸበተው።

ምን ልበለው? ብሩክስ ፋብሪካ ሥጋ ስቆርጥ አሥራ አራት ዓመት፣
ማንን መረጥህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም አጥንት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልክ፣
ደወሉ ወይዘሮ ሪትሳክ፣
"ቧንቧው ፈነዳ፣ ምድር ቤቴ ሐይቅ ሆነ" እያሉ፤
የባላቸው ፎቶግራፎች ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ።
በግቢያቸው ሰማያዊ የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል፣
ባልዲ ይዞ የሮጠው ጎረቤት ብርቱካኑን አቁሟል።
አብዲናስር ገና ዜግነት የለው፣ ድምፅ አይሰጥም፤
ከሱ ቀድሞ እዚያ ውኃ የገባ ግን አላየሁም።

ንጹሕ ነኝ አልልም፤ ቧንቧው ይታደስ ሲባል አምና
"ይቆይ" ብሎ እጅ ሲወጣ እኔም ነበርኩበትና።
ያኔም ወገን አልነበረኝም፤ ስሕተት ግን ነበረኝ፣
ዛሬም ያ ውኃ ነው በሌሊት የሚቀሰቅሰኝ።

ዳርል እጁን ኪሱ ከትቶ አሁንም ይጠብቃል፤
"ድምፅህ ለማን ነው?" ይላል።
ዝም አልኩ። ከእግራችን ሥር፣ ከአስፋልቱ በታች፣
ሲር የምትል ቀጭን ድምፅ አለች።

"ስማ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አዘነበለ።
"ደውል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!" አለ።