ልብ መግዣ

«ልብ ግዛ አንተ ልጅ!» ይለኝ ነበር አባቴ፣
ማለዳ በምክሩ፣ ማታ በጥፋቴ።
የት ነው የሚሸጠው? ብዬ አልጠየቅሁም፤
እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልገዛሁም።

ሃያ ሁለት ዓመት በከባድ መኪና
ከዊኒፔግ ካልጋሪ፣ መለስ ሬጃይና፤
ሺህ ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ አንድ ርምጃ ሳልሄድ፣
ስንት ፀሐይ ጠልቃ በዚያ ቀጥ ባለ መንገድ!
ድንች ጥብስ በከረጢት፣ ለስላሳ በሊትር፣
ስኳሩ፣ ጨው፣ ቅባቱ
ሁሉም እንደ ልብ ነው፣
ከልብ በስተቀር።

ኅዳር ሲያልቅ ነበር፣ ከብራንደን ሳልርቅ፣
ሚዛን ጣቢያው በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣
ጭኜ የመጣሁት ሃያ ቶን ጣውላ
ደረቴ ላይ ወጣ፣ ወረደ በኋላ
በግራ ክንዴ በኩል።
መኪናው ተመዘነ፤ እንከን የለው፣ ልክ ነው።
ትርፍ ጭነት የተገኘው
በሹፌሩ ላይ ነው።

ሐኪሙ ሁለት ስስ የሽቦ ቀለበት
ከደም ሥሬ ከቶ፣ እጁን እየታጠበ፣
«እኔ መንገድ ከፈትኩ፤ ምን ይሠራል ታዲያ
መንገድ፣ ካልሄዱበት?»
ማሪቪክ፣ ነርሷ፣ በሰማያዊ ብዕር
ማዘዣ ጻፈችልኝ፣ ከክኒኖቹ ሥር፦
«በእግር ስድስት ደቂቃ። ነገ ሰባት ይሁን።»
ሳቅሁ።
ስድስተኛው ላይ ግን ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፣
እንደ ሰከረ ሰው፣
ትንፋሼን ስለምነው።

ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነው።
ሱቆቹ ሳይነቁ፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት፣
የገበያ ማዕከሉ በሩን ይከፍትልናል
ለእኛ ለልብ ገዢዎች፣
ዳሌው ለተቀየረ፣ ጉልበቱ ለከዳው።
ኦሌሳ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ብረት ነው ዳሌዋ፣
ቀይ ሹራብ፣ ነጭ ካልሲ፣ ከረሜላ በአፏ፣
የመጀመሪያ ቀኔ ሁለቴ ደረበችኝ።
በሦስተኛው ዙር ላይ ከረሜላ ሰጠችኝ።
«ስኳር አለብኝ» ብል፣ ከእጄ ላይ ነጠቀችኝ።

ልጄ ሶልያና ሯጭ ናት፣ የሺህ አምስት መቶ።
የእሷ ልብ ስታርፍ አርባ ስድስት ይመታል፤
የእኔው ሰማንያ ስምንት፣
እንደ አበዳሪ በር ይደበድባል።
ዘንድሮ ከአራት ደቂቃ ከሃያ ሁለት
አንዲት ሰከንድ ልትቀንስ
ጠዋት ሮጠች፣ ማታ ሮጠች፣ እረፍቷንም ሮጠችው።
ቅልጥሟ ተሰነጠቀ።
እኔ በመቀመጥ፣ እሷ ባለመቀመጥ፣
አንድ ሶፋ ላይ ተገናኘን።
«ተነሣ» ይለኛል የእኔ ሐኪም።
«ተቀመጪ» ይላታል የእሷ።
ልክ የሚባለው ነገር
በሁለታችን መሀል፣ ትራሱ ሥር ሳይሆን አይቀርም።

አጥንቷ ሲጠና፣ ዝግ ያለ ርምጃ ሲፈቀድላት፣
አብራኝ መጣች።
በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ
ፍጥነታችን እኩል ሆነ።
ከመነሣታችን በፊት ሁለት ጣቷን
አንጓዬ ላይ አኑራ ትቆጥራለች፤
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ልክ እንደ ሕፃንነቷ
ቁጥር ስትለማመድ።
«ሰባ አንድ» አለች።
በአሥር ሳምንት።
የደም ስኳሬም ከአሥራ አራት ሰባት ገብቷል፤
እንቅልፍ፣ የራቀኝ ዘመድ፣ ማታ ማታ ይመጣል።
«ታዲያ ገዛሁት በያ!» አልኳት።
«አባዬ፣ ልብ አይገዛም። ኪራይ ነው።
ሁለት ሳምንት ካልከፈልክ ያስወጣሃል።»
እሷ ታውቃለች። ስድስት ሳምንት ተኝታ
ስንት ሰከንድ እንደወሰደባት
እስካሁን አልነገረችኝም።

የጌጥ ቤቱ መስኮት፣ የካቲት ስለሆነ፣
ቀይ ልብ ደርድሯል፤ ሁሉም በግማሽ ዋጋ።
ቆም አልኩ።
አባቴ ቢኖር «የሚሸጥበትን አገኘሁት» ብዬ
አስቀው ነበር፤ እሱ ግን
ከወንበሩ ሳይነሣ ነው በስልሳ አንድ ዓመቱ
ያ የእኛ ቤት ልብ ጥሎት የሄደው።
«አትቁም» አለች ሶልያና፣ ክንዴን ሳብ አድርጋ፣
«ወደ ቀኝ ጠጋ በል።»
ከኋላ የጎማ ጫማ ሲጮህ፣
ከረሜላ ሲቆረጠም ሰማሁ።
ኦሌሳ ናት።
ሁለታችንንም ልትደርበን ነው።