አድራሻ፦ ኑርዬ ሱቅ

ማታ መብራት መጣ። ስልኬን ሰክቼ፣
ልጄን አስተኝቼ፣
የአዲስ አበባን ሱቅ በጣቴ ከፍቼ፣
ጫማ ከጫማ ላይ ሳገላብጥ አየሁ፤
ያንኑ ቀይ ጫማ። ትንፋሼን ውጬ ቆየሁ።

ኑርዬ ደጃፍ ላይ በሲባጎ ታስሮ ወር ሙሉ ያየሁት፣
«ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄ፣ «እሺ» ብዬ ያለፍኩት፣
እሱ ሺህ ሁለት መቶ፣
ይኸ ስምንት መቶ፤ ፎቶው ላይ በቢጫ ጎልቶ።

አራት መቶ ብር ማለት
የወፍጮ ነው፣ የሳሙና፣ የሳምንት ዘይት።
በመምህር ደሞዝ፣ ወሩ ሲጋመስ፣
አምስት ብር ለማንሳት ወገብ ይላል ጎንበስ።

በቴሌብር ከፈልኩ። ቁጥር ነካክቼ አለቀ።
የጎረቤት ዓይን ይህን መች አወቀ?

ከዚያ ግን ጥያቄ ስልኬ ላይ መጣ፦
«አድራሻሽስ የት ነው? እቃው የት ይውጣ?»
መርሳ ላይ ሰው እንጂ የቤት ቁጥር የለ፤
«ከማንጎው ዛፍ ወረድ» ያለ ሰው እቃው ደሴ ቀረ፣ እንደተጠቀለለ።
ጣቴ እያፈረ ነው የጻፈው፣ እያወቅኩት፦
«ኑርዬ ሱቅ» አልኩት።

ከደሴ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ እዚያ ነው የሚቆም፤
ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ፌስታሉን ሲያስረክብ የማን ነው አይልም።

ሦስት ቀን በወንዙ በኩል ዞርኩ እንጂ በደጁ አላለፍኩም፤
የዱቤ ስኳሬን እንኳን አልጠየቅሁም።
በአራተኛው ዘነበ፤ የመርሳ ዝናብ፣ ነፋስ የያዘ፣
ጎርፉ አስፋልቱን ዘሎ የሴቶቹን ብርቱካን ይዞ ተጓዘ።

ልጅ ላከብኝ ማታ። «ይርገዱ ትምጣ በላት፤
እቃ አላት፣ እንዳይረጥብ ከስኳሩ በላይ አኑሬላት።»

ገባሁ።
ላስቲክ አልብሶታል፤ ስሜን በስክሪፕቶ ጽፎበት።
ያኛው ቀይ ጫማ ግን፣ የራሱ፣ ደጁ ላይ ዘንቦበት
ውሃ ያንጠባጥባል፣ ተረስቶ፤
የኔን ሊያስገባ ሮጦ የራሱን ትቶ።

«ዘመድ ነው የላከው» አልኩ፤ ምላሴ ተሳስሮ።
«አብሽሪ» አለ ኑርዬ፣ ትንሽ ሳቅ ቆንጥሮ፤
«በዚህ በር በቀን ሰባት ዘመድ ይልካል፤
ፖስታ ቤት ሆኛለሁ፣ ደሞዙ ቀርቷል።»

ደብተሩን ገለጠው፤ ያንን የዱቤ ደብተር፣ ጥጉ የተበላ፣
ባንክ የተዘጋ፣ መንገድ የተዘጋ ጊዜ ሰፈሩን ያበላ።
ከፊቱ ገጽ አለሁ፦ «ይርገዱ፣ ሁለት ኪሎ ምስር፣ አንድ ሳሙና፣
ዘይት ግማሽ ሊትር፤ ያልከፈለች ገና።»
ከኋላውም አለሁ፤ «የመጣ እቃ» የሚል ርዕስ አውጥቶ፣
«ይርገዱ፣ አንድ ካርቶን»፣ ለፊርማዬ ቦታ ትቶ።

ፈረምኩ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ለልጄ እግር ጠበበ፤
ሁለት ቁጥር አንሶ ጣቷ ተሰበሰበ።
«መልሱልኝ» ብዬ ጻፍኩ። አንብቦታል፤ ምልክቱ ይታያል።
እስከ ዛሬ ዝም ብሏል።

ኑርዬ ቢሆን፣ አውቃለሁ፣ በግራ እጁ ተቀብሎ
በቀኙ ሌላውን ይሰጠኝ ነበረ፣ «ሂጂ ለኪው» ብሎ።
ግን አልዋሽም፤
ሺህ ሁለት መቶው ያኔም አልነበረኝ፣ አሁንም የለኝም።

ትናንት ደግሞ ጠራኝ፤ ሱቁ ሰው ሲጎድል፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣
መነጽሩን ፈልጎ፦
«ደሴ ያለው ነጋዴ ለኔ የሚሰጠኝ በሺህ ነው ከመቶ።
እንዴት ነው ያንቺው በስምንት መቶ የደረሰው፣ ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ?»

አላወቅሁም። ምን ልበለው?
«እስኪ ለኔም ደርዘን እዘዢልኝ» አለ፣ ስልኩን ባንኮኒው ላይ እየገፋው።
«ቢጠብ አይመልሱም» አልኩት።
«ይጥበብ፤ እኔስ ሰፍቶልኝ ነው?» ሲለኝ አዘዝኩለት።
ስልኩ አድራሻ ጠየቀ።
እሱ በቀስታ ጠራልኝ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሙን ገና እንዳወቀ።

ስወጣ ያ ጫማ ደርቋል፤ ቆዳው ተኮማትሮ
በነፋስ ይዞራል፣ በሲባጎ ታስሮ።
ገልብጬ ቁጥሩን አየሁት።
የልጄ ልክ ነው።
ዋጋውን አልጠየቅሁት።