አመድ አፋሽ

ሽምብጥ፣ ከጓሮዬ፣ ጣና ከሚሰማኝ፣
አንድ መደብ ባቄላ ሦስት ዓመት አማኝ።
ይበቅላል በሰኔ፤ ጉልበቴ ሳይደርስ
ይገረጣል ቅጠሉ፣ ሥሩ ሳይላወስ።
ውሃ ጎደለ እንዳልል፣ ሐይቁ ደጄ ተኝቷል፤
ዘሩ ከፋ እንዳልል፣ ከዱርቤቴ መጥቷል፤
ዩሪያም እንደ ጨው በእጄ ተነስንሷል።

ከአጥሩ ወዲያ ግን የፈንታነሽ ጓሮ
ሠርግ ቤት ይመስላል፤ ጎመኑ ተቋጥሮ፣
ነጭ ሽንኩርቱ ወፍሮ፣
ቃሪያው ተንዠርግጎ፣ በፍሬ ተወጥሮ።
አየሁና አልኩኝ፦ ዓይን ነው። ዓይኗ ነው።
ለዕድሩ ጸሐፊ፣ ለሰፈሩ ዘብ ነገርኩ፤
ያቺ አሳ ጠባሽ ናት፣ ብዬም ማልኩ።
እሷ ሰላምታዋን አላጓደለችም፤
"እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ይርሳው?" ትላለች ማልዳ ስታልፍ።
እኔን ሳል ይይዘኛል።

የእህቴ ልጅ መጣች፣ ጥሩአየሁ፣ ከአፈር ምርመራ ቤት፤
ከአራቱም ማዕዘን በማንኪያ ቆፍራ
በብርጭቆ ውሃ አፈሩን በጥብጣ፣
ጠበቀች፤ ጠበቀች፤
ወረቀት ነከረች።
ወረቀቷ ቀላች፣
ነውሩ እንደተገለጠ ሰው።

"አምስት" አለች፤ "አምስትም አይሞላ።
አጎቴ፣ መሬቱ ኮምጥጧል።"
"እርሾ ነው እንዴ?" አልኳት።
"ዝናብ ነው" አለችኝ። "የስንት ክረምት ዝናብ
መልካሙን አጥቦ ለሐይቁ ሲያስረክብ
ኮምጣጣው ይቀራል። ዩሪያዎም አግዞታል።
ምግብማ ሞልቶታል፤ አፈሩ ጨብጦ፣
እንደ ንፉግ ጌታ በሩ ላይ ተቀምጦ፣
ሥሩ ደጅ ሲጠና ይከርማል አንጋጦ።"

"መድኃኒቱስ?"
"ኖራ። ኖራ ካጡ፣ አመድ።"

አመድ!
የእኔ ቤት በጋዝ ነው፤ አመድ ከየት ይምጣ?
በዚህ ሁሉ ሰፈር፣ ጠዋት እንጨት ነዶ
ማታ አመድ የሚዛቅ አንድ ምድጃ አለ፤
ሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣
ቆሮሶ በዘይት ሲንጫጫ የሚውልበት፣
የፈንታነሽ።

ሁለት ቀን አሰብኩት። በሦስተኛው ሄድኩኝ፣
ጆንያዬን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ።
አንለይ ታንኳውን ደንገሉ ላይ አስሮ
መረቡን ሲፈታ አየኝና ሳቀ።
እሷ ግን አልሳቀች።
"አመድ ፈልጌ ነው" አልኩ፣ ወደ ውሃው እያየሁ።
"አመድ?" አለች። ጭልፋዋን አራገፈች።
"እኔ እኮ፣ ጋሽ ይርሳው፣ ዕድሜዬን በሙሉ
አመድ አፋሽ ነኝ፤ ይህ ምን ይጎድለኛል?
ይውሰዱ። የላዩ ገና ፍም አለበት፤
ከሥር ከሥሩ ይፈሱ።"

ጎንበስ ብዬ አፈስኩ።
አመድ በዱቄት ይስቃል የሚለው ተረት
ምላሴ ጫፍ መጥቶ ተመልሶ ገባ፤
የቱ ነው ዱቄቱ? የቱ ነው አመዱ?
ክንዴ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኖ፣ አላወቅሁም።

ታዲያ ይህም አላስተማረኝ፤ ቸኮልኩ።
ከፓፓያዋ ሥር አንድ ጆንያ ደፋሁ፤
በሳምንቱ ጫፏ ነዶ ተኮማተረ።
ጥሩአየሁ በስልክ ጮኸች፦ "በእፍኝ አልኩ እንጂ!
በትነው፣ ቆፍረው፣ ከአፈር አዋህደው፣
ከዚያ ይተዉት። ዝናብ ይምታው። ይክረም።
ስንት ዘመን የኮመጠጠ
በአንድ ጀንበር ሊጣፍጥ ነው?"

ተውኩት። እምቦጩን ከዳር እየጎተትኩ፣
አድርቄ፣ ከከብት እበት ጋር ከምሬ፣
አበስብሼ መለስኩት።
በዓመቱ ወረቀቷ አልቀላችም እንደ ድሮ፤
"አምስት ተኩል" አለች ጥሩአየሁ፣ "ይሻላል።"
ይሻላል ብቻ። ፓፓያዋ ግን ሞታለች።

ትናንት ጠዋት ሳሌ ሊመጣ ሲል ዋጥኩት፤
"እንዴት አደርሽ?" አልኩ፣ ቀድሜ።
ፈንታነሽ ቆመች። ቅርጫቷን አወረደች።
በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አጮልቃ፣
ባቄላዬን ከሥር እስከ ጫፍ አየችው፤
"ወዝ አወጣሳ" አለች።

ዓይኗ ነው።
ይሁን፤ ትየው።