ቤት ሲመታ

በወረቀት ላይ ቤት መሥራት ይቀለኛል፤
አንዱን ስንኝ ሳቆም ሌላው ይቆምልኛል።
አሸዋ አይጠይቅ፣ ቴምብር የለበት፣
መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ይመታልኛል ቤት።
እንዲህ ቤት ስመታ ሠላሳ ዓመት ኖርሁኝ፤
ዘንድሮ ተራው ደርሶ
ቤት መታኝ።

ካዛንቺስ ሲነሣ ወረዳ ጠራንና
«ምትክ ኪራይ ነው ወይስ ግዢ?» አለንና
ቅጽ ዘረጋልን። ፊደል ያልቆጠረች
እናቴ አስካለ «ግዢ የቱ ጋ ነው?» አለች፤
አውራ ጣቷን ነክራ እዚያው ላይ ተጫነች።
«ሰባ ዓመት ሙሉ በሰው ጣራ ዘንቦብኝ!
አሁንስ የራሴ ጣራ ያፍስብኝ።»

ቅድመ ክፍያውን ከዕቁብ ለመንሁት፤
የሸምሱን ዕጣ በዐሥር ሺህ ገዛሁት።
ለውል፣ ለቀረጥ፣ ለጉርድ ፎቶ፤ ደግሞ
«ፋይላችሁ የለም» ላለው ልጅ ለሻይ፤
ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፋይሉ ብቅ አይል ወይ!

ልደታ። ዘጠነኛ ፎቅ። ቁልፍ ተቀበልን።
እኔ ቤት ብዬ የፈረምሁበት ነገር
አራት ግድግዳና አንድ የቧንቧ ቀዳዳ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ይህ ግጥም ቤት አይመታም። አቅሙ አልቋል።

ሰድር፣ በካሬ፤ ማዕዘን ላይ ተቆርጦ የሚጣለውም ይከፈላል።
ሰድር ሠሪው። የሠሪው ረዳት። የረዳቱ ምሳ።
አሸዋ በጆንያ፣ በጫንቃ፤ ሒሳቡ በፎቅ ነው።
ሊፍትማ አለን። በር አለው፤ ቁጥሮቹም ይበራሉ።
በየወሩ እናዋጣለን፤
ለማይወጣ ሊፍት ስንት ብር ወጣ።
የውሃ ፓምፕ። የጥበቃ። የቤት ግብር።
ደመወዜ በሃያ አምስት ሌሊት ይገባል፤
ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ባንክ ይሄዳል።
ዐሥራ ሰባት ዓመት።
ስንጨርስ እኔ ስድሳ ስምንት እሆናለሁ፤
የእናቴን አልደምርም።

እሷ አንዴ ወጥታ አልወረደችም። ጉልበቷ።
ዕድሯ ግን ታች ነው፤ ለቀብር መቅረት ቅጣት አለው፤
እሱንም ወጪ ላይ ጻፍሁት።

ደረሰኝ የሌለው አንድ ወጪ አለ።
ቤታችን ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው
«መቃኑን ንቀሉልኝ» አለች።
የሆቴል አንሶላ አጥባ የጣለችውን ዕቁብ፣ የሠላሳ ዓመቱን፣
በምስማር የጫረችው እዚያ ላይ ነው፤
አራት ቁም ጭረት፣ አምስተኛው አግድም።
ለቤት መግዣ ያጠራቀመችውን
በመንግሥት ቤት መቃን ላይ ስትጽፍ ኖራለች።

ጫኙ ባህሩ ስድስት መቶ ጠየቀ።
ስምንተኛው ፎቅ ላይ አረፈና
«ጋሼ፣ በሩስ?» አለኝ።
«ፈርሷል።»
ላይ ስንደርስ መቶ ብር መለሰልኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

መቃኑ ለየትኛውም በር አልሆነ። ውጭ ተደግፎ ቆመ።
የሕንፃው ኮሚቴ ደብዳቤ ለጠፈ፦
«የጋራ ኮሪደር ያጣበበ ዕንጨት።»
በኮሪደር ተነሥቶ በኮሪደር ተከሰሰ።

ሰኔ ገባና ጣራው አፈሰሰ።
ጠብታው ሰድሩ ላይ፣ ገና ባልተከፈለው።
ወጥቼ አንኳኳሁ፤ የዐሥረኛው ፎቅ ሰውዬ
እሱም ከዐሥራ አንደኛ እየፈሰሰበት ባልዲ ይዞ ከፈተልኝ።
«እማ» አልኋት ተመልሼ፣ «ጣራችን እኮ የሰው ወለል ነው።»

ጠብታውን አየችው።
«ባልዲ አምጣ» አለች።
አመጣሁ።
«ምስማርም።»

መቃኑ ላይ ቦታ ፈለገች። ከጉልበት በታች ትንሽ ቀርቷል።
ግድግዳውን ይዛ፣ እያቃሰተች ጎንበስ አለች፤
አንድ ጫረች። የመጀመሪያው ወር።

«ሁለት መቶ ሦስት ይቀራል» አልኋት፤ «ዕንጨቱ አይበቃም።»

«ታዲያ» አለች፣ ምስማሩን መቀነቷ ውስጥ እየሸጎጠች፣
«ግድግዳው ምን ሊሠራ ነው?»