የገቡበት ቀን

ከኢሚግሬሽን አጥር፣ ከጥቁር አንበሳ ማዶ፣
ጃንጥላዬ ቆሟል በድንጋይ ታግዶ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካ፣ የሚያስል ፕሪንተር፣
የሠላሳ ብር ወረቀት፣ የሰው ሁሉ ምስጢር።

ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ጥያቄው ይመጣል፤
ሰልፉ ሳይራመድ ወሬው ይሮጣል።

«ቪዛዬ ካለፈ ስንት ነው ቅጣቱ?
በቀን ነው የሚቆጠር ወይስ በሌሊቱ?»
«ባሌ ሱዳናዊ ነው፤ ልጄስ የማን ናት?
ካርቱም ነው የወለድኳት፣ ጦርነት ያመጣት፤
ወረቀቷ ነዷል ከሣጥኑ ጋራ፤
ይዣት ብቀርብ አይበቃም፣ ስሟን ስትጠራ?»
«እኔ ጽጌ ነበርኩ፤ ፓስፖርቱ ጸጋ አለኝ፤
አንዲት ፊደል ስታ ማን ‹አንቺው ነሽ› ይበለኝ?»

ጠበቃ አይደለሁም።
ሕግ ገብቼ ነበር፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ
ብሩ አለቀና ወጣሁ ከዚህ ፀሐይ፤
የማውቀው መስኮት ነው፤ የትኛው ፈገግ ይላል፣
የትኛው ከምሳ በኋላ «ሲስተም የለም» ብሎ ይዘጋል።

ማክሰኞ ዕለት መጡ አቶ ዓወድ ባጉነይድ፣
ፌስታል አንጠልጥለው በዚያ በዳገት መንገድ።
ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ሱቅ ነበራቸው፤
ሰፈሩ «ዐረቡ» ይላል፣ ሌላ ስም አልሰጣቸው።
አባት ከሐድረመውት በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር፣
ለገሃር ወርደው ቀሩ፤ እናት ረውዳ ስልጤ፣ የዚሁ አገር።

በየዓመቱ ያሳድሳሉ፦ የመኖሪያ ፈቃድ።
ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለመኖር ፈቃድ።
«ዘንድሮስ ደከመኝ፤ ዜግነት ልጠይቅ፤
እንግዳ ተብዬ ዕድሜዬ እንዳያልቅ።»

ቅጹን ከፈትኩ።
ስም። የአባት ስም። የትውልድ ቦታ፦ አዲስ አበባ።
ከዚያ ያቺ መስመር፦
ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት ቀን?

«አልገባኝም» አሉ።
ጆሯቸው መስሎኝ ጮክ አልኩ፦ «መቼ ነው የገቡት?»
«ሰምቻለሁ ልጄ። አልገባኝም፤ አልገባሁም።
ውጭ ያልነበረ ሰው በየት በኩል ይገባል?»

«የገቡበት በር?»
መሬት መሬት አዩ።
«በረውዳ በኩል ነው፣ በኩራዝ፣ በሌሊት፤
ማኅተም የመታችልኝ አዋላጇ ናት፣
ያውም መቀመጫዬ ላይ።»

ማስረጃ አልኩ። የእናትዎ መታወቂያ?
«በእሷ ዘመን መታወቂያ ጎረቤት ነበር።»
ጎረቤትስ? አንዱ ሞቷል፤
አንዷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሄዳለች፤
ሦስተኛው አሉ፣ ግን የራሳቸውንም ስም ይረሳሉ።
የቀበሌው ቁጥር ሦስቴ ተቀይሯል።
ሰፈሩ ለመንገድ ተነሥቷል።

ከፌስታሉ ደብተር አወጡ፤ የዱቤ ደብተር፣
ዳሩን አይጥ የበላው፣ ዛሬም ጋዝ ጋዝ የሚሸት።
ወይዘሮ አሰለፈች፣ ጋዝ፣ ግማሽ ሊትር።
ሻምበል ይነሱ፣ ሲጋራ፣ ሁለት ፍሬ።
መሪጌታ፣ ሻማ።
የሠርግ ስኳር፣ ዐሥራ ሁለት ኪሎ፤ ሙሽራዋ አሁን አያት ናት።
የሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረቱ ገጽ ከላይ እስከ ታች ተሠርዟል፤
ጎኑ ላይ አንዲት ቃል፦ ይቅር።

«ይህን አያይዢልኝ።
አገር የተበደረው ሰው መጤ ይባላል?»

ዝርዝሩ ላይ የለም አልኳቸው።
የልደት፣ የጋብቻ፣ የፖሊስ፣ ጉርድ ፎቶ አራት፤
የዱቤ ደብተር የሚል የለም።
ያም ሆኖ ኮፒ አደረግኩት፣ ዐሥራ አንድ ገጽ፤
ፕሪንተሬ እያሳለ።

«ስንት ነው?» ኪሳቸውን ዳበሱ። ሃያ ብር ጎደለ።
«ይቅር» አልኩ።
አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተው አልወደዱም።
የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጠው፣ ስሜን ጠይቀው፣
በሚንቀጠቀጥ እጅ ጻፉ፦
ለጸሐፊዋ ለስንዱ፣ ሃያ ብር።

ቀና ሲሉ ዐይናቸው ይስቃል።
«ይኸው ልጄ፣ በዚህ አገር የመጀመሪያ ዕዳዬን ገባሁ።
ያቺን ባዶ መስመር ሙያት፤
ቀኑ ዛሬ ነው።»