ከዜሮ እስከ አስር

ሲስተር ወይንሸት ቅጹን ዘረጋች፣
እርሳስ ቀርጻ «አራተኛ ሳምንት» ብላ ጻፈች።
«ከዜሮ እስከ አስር፣ ዛሬስ ስንት አማረህ?»
«ሦስት።»
«እንቅልፍ?» «ደህና።» «ይንቀጠቀጣል ወይ እጅህ?»
ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግኩና
«ተወኝ» አልኳት። በመስኮቱ፣ በለገሃር ጎዳና
ወያላው ይጮሃል፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!»
«ሽንትህም ንጹሕ ነው እኮ»
ብላ ራይት አደረገች።

ሣጥን ያልተሠራለት ነገር ግን ነበረኝ፦
ትናንት ማታ ታናሼ ምትኩ
ስልኩን ቻርጅ ሰክቶ ሊታጠብ ወጣ፣ ከስልኩ ጋር ትቶኝ።
ዓምና ሲተኛ እንኳ ከብብቱ አይለየውም፤
ሁለት ሸጬበታለሁ፣
አንዱን በኪኒን፣ አንዱን በዙርባ።
ከግድግዳው ማዶ ውሃው ይንሿሿል፣
ስልኩ ዘጠና በመቶ ደርሶ ብልጭ ይላል።
ሁለቴ ተነሣሁ፣
ሁለቴ ተቀመጥኩ።
ለሦስተኛው ስነሣ ፎጣ አገልድሞ ገባ፤
«ራት በላህ?» አለኝ፣
ስልኩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ።

ይህን ስነግራት እርሳሷ ቆመ።
ሣጥን ፈለገች፣ አጣች፤
ከኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል «ስልክ» ብላ ጫረች።
ቀና አለች፦
«ሦስት ነው ያልከኝ?»

እጄን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁ።
«ሰባት።»

ላጲሷን አነሣች።